ማን ከማን ይነጻጸር? ጡት ማጥባትና የሕፃናት ጤና በስታቲስቲክስ ዓይን

በ2004 አይሚን ቼንና ዋልተር ሮጋን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት አሳተሙ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በተወለዱ በ28 ቀንና በአንድ ዓመት መካከል የሞቱ 1,204 ሕፃናትን ዓመት ከሞላቸው 7,740 ልጆች ጋር አነጻጸሩ። ጡት ጠብተው የሚያውቁት ልጆች የመሞት ዕድል ፈጽሞ ካልጠቡት ጋር ሲመዛዘን 0.79 ሆነ፤ በ21 በመቶ ያህል ያንሳል ማለት ነው። ጡት ማጥባትን ለሚደግፍ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ነው። ሰንጠረዡን በሞት ምክንያት ከፋፍሎ ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ይቆረቁረዋል። ልዩነቱ ከሁሉ ሰፍቶ የታየው በተቅማጥ ወይም በሳንባ ምች በሞቱት ላይ አልነበረም፤ በአደጋ በሞቱት ላይ ነበር፤ 0.59።

የጡት ወተት ጀርምን እንዴት እንደሚከላከል በሚገባ ይታወቃል። ልጅ ከአልጋ እንዳይወድቅ ወይም መኪና እንዳይገጨው የሚያደርግበት መንገድ ግን የለም። የምታጠባ እናት ከልጇ አትርቅም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ጥቂት እውነትም ይኖረዋል። የሚቀርበው ማብራሪያ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የሚያጠቡት እናቶች በአማካይ ሲታዩ የበለጠ የተማሩ፣ የተሻለ ገቢ ያላቸውና ሲጋራ እምብዛም የማያጨሱ ነበሩ። ልጁን ከአደጋ የጠበቀው ይህ ኑሮ ሊሆን ይችላል፤ ወተቱም ከኑሮው ጋር አብሮ የመጣ ምልክት ብቻ። ተመራማሪዎቹ የእናትን ዕድሜንና ትምህርትን የመሳሰሉትን በስሌት አስተካክለዋል፤ ይሁንና ማስተካከል የሚቻለው መዝገብ ላይ የሰፈረውን ብቻ ነው። ዛሬ የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን ሆን ብለው እንደ ወጥመድ ይጠቀሙበታል። የሚመረመረው ነገር በምንም መንገድ ሊነካው የማይገባ ውጤት ይመርጣሉ፤ እዚያም ላይ "ጥቅም" ከታየ ሌላ ያልተያዘ ምክንያት ጣልቃ መግባቱን ያውቃሉ።

ንጽጽሩ ራሱ አሮጌ ነው። በእንግሊዟ ደርቢ ከተማ የጤና ሹም የነበረው ዊልያም ሃዋርዝ በ1905 ባሳተመው ጥናት፣ ጡት ከጠቡት ከአንድ ሺህ ሕፃናት 70 ያህሉ፣ ጡትና ጡጦ ከተቀላቀለላቸው 99 ያህሉ፣ በጡጦ ብቻ ካደጉት ደግሞ ወደ 198 የሚጠጉት እንደሞቱ አሳይቷል። ያኔ ሪግሬሽን የተባለውን የማስተካከያ ስሌት የሚሠራ ኮምፒውተር የለም፤ ማካፈልና ማነጻጸር ብቻ ነው። ቢሆንም ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት በቀላሉ የሚናድ አይደለም።

የልዩነት መጠን ለምን እንደሚያሳስብ በቁጥር ማየት ይቻላል። ታይለር ቫንደርዊልና ፔንግ ዲንግ በ2017 አንድ ቀላል ቀመር አቅርበው ነበር፤ ያልተመዘገበ ጣልቃ ገብ ምክንያት የታየውን ውጤት ለብቻው ለመፍጠር ከጡት ማጥባትም ከሞትም ጋር ምን ያህል መቆራኘት እንዳለበት ያሰላል። ለቼንና ሮጋን 0.79 ቀመሩ 1.85 ይሰጣል። ሁለት እጥፍ እንኳ ያልሞላ ቁርኝት ነው፤ ድህነት ብቻውን ያን ያህል ጉልበት አያጣም። አሁን ሴሳር ቪክቶራና ባልደረቦቹ በደቡብ ብራዚል፣ በፖርቶ አሌግሬና በፔሎታስ ከተሞች ሠርተው በ1987 ያሳተሙትን ጥናት እንይ። በተቅማጥና በሳንባ ምች የሞቱ ሕፃናትን እዚያው ሰፈር ካሉ ጤነኛ ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ጡት ፈጽሞ ያቆሙት ሕፃናት በተቅማጥ የመሞት ዕድላቸው 14.2 እጥፍ፣ በመተንፈሻ አካላት ሕመም ደግሞ 3.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ለ14.2 ቀመሩ ወደ 28 ይደርሳል። በሁለቱም በኩል ሃያ ስምንት እጥፍ የሚገፋ፣ ማንም ያላየው ምክንያት አለ ብሎ የሚሟገት ሰው ካለ ስሙን ቢጠራልን ደስ ይለናል።

የቪክቶራ ቡድን ሌላም ነገር በጥንቃቄ ሠርቷል፤ በእኔ ግምት ከቁጥሩ የሚበልጠውም እሱ ነው። እናቶቹን የጠየቁት ልጁ በሞተበት ቀን ምን ይመገብ እንደነበር አልነበረም፤ የገደለው ሕመም ከመጀመሩ በፊት ምን ይመገብ እንደነበር ነው። የታመመ ሕፃን የመጥባት አቅም ያጣል። እናቱም ወተቴ አልተስማማው ይሆናል ብላ ታቆማለች። በሞቱ ዋዜማ ጡት አይጠባም ነበር ማለት እንግዲህ ጡት በማጣቱ ሞተ ማለት አይደለም፤ ሊሞት ስለሆነ ጡት ተወ ማለትም ሊሆን ይችላል። ይህ የተገላቢጦሽ ምክንያት ነው፤ በዚህ ዘርፍ ካሉት ችግሮች ሁሉ መሠሪውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ገቢንና ትምህርትን የቱንም ያህል ቢያስተካክሉ አይለቅም።

ነገሩን በግልጽ አንጥረው ያወጡት የኮርኔሉ ዣን ፒየር ሃቢሽት፣ ጁሊ ዳቫንዞና ዊልያም በትዝ ናቸው። በ1986 ያወጡት ጥናት ርዕስ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ ጡት ማጥባት እውነት ሕይወት ያድናል ወይስ የሚታየው ጥቅም የስሌት ማዛባት ነው? የማሌዥያን የቤተሰብ ጥናት መረጃ ይዘው ማዛባቶቹን ተራ በተራ አነሱ። በተወለደ በሰዓታት ውስጥ የሞተ ልጅ ለመጥባት ዕድል አላገኘም፤ "ጡት ያልጠባ" ተብሎ ከተቆጠረ ግን የማጥባትን ጥቅም በሐሰት ያገንናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሟቾች ለይቶ ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ዕድሜን በየክፍለ ጊዜው ቆርጦ፣ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ይጠባ የነበረውን እንደ ጠባ መቁጠር ይከተላል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ጥቅሙ አልጠፋም። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች መጸዳጃና የቧንቧ ውኃ በሌለበት ቤት የጡት ወተት የሚያድነው ሕይወት ካለበት ቤት እንደሚበልጥ አሳዩ። አንድ አማካይ ቁጥር ለዓለም ሁሉ አይሠራም ማለት ነው።

የተገላቢጦሹ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ቢሆን ኖሮ ሥራው በቀለለ። ግሬስ ማርኪስ በ1997 ያሳተመችው የሊማ ጥናት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይዞ መጣ፤ ዓመት ካለፋቸው ልጆች መካከል ጡት እየጠቡ የቀጠሉት ቀጫጮቹ ነበሩ። ወተቱ ያቀጭጫል ብሎ መደምደም የቀናው ሰው አይጠፋም። መረጃው ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ግን እናቶቹ ደካማውንና ተቅማጥ የሚያበዛውን ልጅ አዝነውለት ጡት ሳያስጥሉት ቆይተው ነበር። ከሴኔጋል ገጠርም ተመሳሳይ ወሬ መጣ፤ ፋፋ ያለው ልጅ ቶሎ ጡት ይጥላል፣ ያልፋፋው ይቆያል። ቤላሩስ ውስጥ ደግሞ የማይክል ክሬመር ቡድን ተቃራኒውን አገኘ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክብደቱ ዝቅ ያለ ሕፃን ወተቴ አልበቃውም በሚል ስጋት ቶሎ ጡጦ ይጀመርለታል። የልጁ አቋም የእናቲቱን ውሳኔ ይለውጣል፤ ውሳኔዋ ደግሞ የልጁን አቋም ይለውጣል፤ በሚቀጥለው ወር ይኸው ይደገማል። ተራ ሪግሬሽን እዚህ ላይ መውጫ ያጣል። ክብደትን ካስተካከለ ወተቱ በክብደት በኩል የሠራውን ይሰርዛል፤ ካላስተካከለ ደግሞ የተገላቢጦሹን ይውጠዋል።

ለዚህ ዓይነቱ ዙሪያ ጥምጥም መላ የዘየደው የሃርቫርዱ ጄምስ ሮቢንስ ነው፤ ሥራውን የጀመረው በ1986 ነበር። ከስልቶቹ በብዛት የሚሠራበት አንዱ እንዲህ ነው። በየወሩ፣ እስከዚያ ወር ድረስ የታወቀውን ሁሉ (ክብደቱን፣ ሕመሙን፣ የቤቱን ሁኔታ) ይዞ እናቲቱ ማጥባቷን የመቀጠል ዕድሏ ስንት እንደሆነ ይሰላል። ከዚያ ያልተጠበቀ ውሳኔ የወሰነችው እናት መረጃ ከፍ ያለ የስሌት ክብደት ይሰጠዋል፤ የተጠበቀውን የወሰነችው ዝቅ ያለ። እንዲህ የተመዘነው ሕዝብ ውስጥ ውሳኔው ከልጁ የቀደመ አቋም ጋር ያለው ቁርኝት ይላላል። ስልቱ ያማረ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ውሳኔውን የገፋው ሁሉ ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ሁለተኛ፣ በየትኛውም ዓይነት ቤት ውስጥ የምታጠባም የማታጠባም እናት መገኘት አለባት። ሁለተኛው ወደ አገራችን ስንመጣ እጅ ያሳጥረናል።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ሰው ከመረጠ በኋላ የሚሠሩ ናቸው። ዕጣ ማውጣት ከተቻለ ይህ ሁሉ ጣጣ በቀረ፤ ግን አጥቢ ወይም አታጥቢ ብሎ በዕጣ የሚወስን የሥነ ምግባር ኮሚቴ የለም። ክሬመር ቤላሩስ ውስጥ ያገኘው መውጫ ማጥባትን ሳይሆን ማጥባትን የሚያበረታታውን አሠራር በዕጣ ማደል ነበር። አገሩ የተመረጠው በምክንያት ነው። የማዋለጃ ሆስፒታሎቹ አሠራር ምዕራባውያን ከብዙ ዓመት በፊት የተዉት ዓይነት ነበር፤ ሕፃኑ ከእናቱ ይለያል፣ በሰዓት ይጠባል። ንጹሕ ውኃና መሠረታዊ ሕክምና ግን አለ። 31 ሆስፒታሎችና ተያያዥ ክሊኒኮቻቸው በዕጣ ተከፈሉ፤ ከ1996 እስከ 1997 17,046 እናቶች ከነሕፃኖቻቸው ገቡ። ቁጥሩ የሚያስገርም ነው። በሦስት ወር ጡት ብቻ የሚጠቡት በተበረታቱት ዘንድ 43.3 በመቶ፣ በሌሎቹ ዘንድ 6.4 በመቶ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት የሆድ ዕቃ ሕመም የያዛቸው 9.1 ከ13.2 በመቶ፣ የቆዳ ችፌ የወጣባቸው 3.3 ከ6.3 በመቶ። በመተንፈሻ አካላት ሕመም ግን ቁርጥ ያለ ልዩነት አልታየም።

ይህን ጥናት የሚጠቅሱ ሰዎች ሁለት ነገር ይዘነጋሉ። የገቡት እናቶች በሙሉ ማጥባት የጀመሩ፣ ልጆቻቸውም በወራቸው የተወለዱና 2,500 ግራም የሞላቸው ነበሩ። ስለዚህ ጥናቱ ጡትን ከጡጦ ጋር አላወዳደረም፤ ረዘም ያለና ሌላ ያልተቀላቀለበት ማጥባትን አጠር ካለው ጋር ነው ያወዳደረው። ከተበረታቱትም ከግማሽ በላይ የሆኑት በሦስት ወር ጡት ብቻ አልሰጡም፤ የተነጻጸሩት ግን በዕጣቸው ነው፤ ይህም የዕጣውን ፍትሕ ለመጠበቅ ነው እንጂ ስህተት አይደለም። በዚህ የተነሳ 4.1 የመቶኛ ነጥብ የሆነው ልዩነት የማጥባትን ሙሉ ጉልበት ያሳንሳል። ልዩነቱን በ36.9 (የ43.3ና የ6.4 ልዩነት ነው) አካፍሎ 11 የመቶኛ ነጥብ ነው የሚል ይኖራል። ስሌቱ መሣሪያ ተለዋዋጭ የሚባለው ስልት ነው፤ ዕጣው ሕመሙን የነካው በዚያ በአንድ መንገድ ብቻ ነው ብሎ ያምናል። እዚህ ግን ማበረታቻው የማጥባቱን ዘመንም አራዝሟል፤ በዓመታቸው አሁንም የሚጠቡት 19.7 ከ11.4 በመቶ ነበሩ። መንገዱ አንድ አይደለምና 11 የተባለውን ቁጥር እኔ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ሁለተኛው የሚዘነጋ ነገር ዕጣው የወጣው ለእናቶች ሳይሆን ለሆስፒታሎች መሆኑ ነው። የአንድ ክሊኒክ ልጆች አንድ ሐኪም ያያቸዋል፣ አንድ ውኃ ይጠጣሉ፤ ይመሳሰላሉ። 17,046 ሰው አለን ብሎ ማስላት ራስን ማታለል ነው። ለምሳሌ ያህል በክሊኒክ ውስጥ ያለው መመሳሰል 0.03 ነው ብንል፣ በየክሊኒኩ 550 ያህል ልጅ ስላለ ጥናቱ የሚመዝነው የአንድ ሺህ ሰው ያህል ብቻ ይሆናል። የመመሳሰሉ ዋጋ በደንብ የታየው ልጆቹ ስድስት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው ነው። በ2008 የወጣው ውጤት በቋንቋ ነክ የአእምሮ ፈተና 7.5 ነጥብ ልዩነት አሳየ፤ የመተማመኛ ክልሉ ግን ከ0.8 እስከ 14.3 ተለጠጠ። ፈተናውን የሰጡት የየክሊኒኩ ሐኪሞች ነበሩ፤ ልጁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ነጥብ አሰጣጣቸውም ይለያይ ነበር። በ16 ዓመታቸው በድጋሚ ሲለኩ ልዩነቱ በአብዛኛው ደብዝዟል። ውፍረትን በተመለከተ ደግሞ በ11 ዓመት ተኩል ምንም ጥቅም አልታየም፤ ያውም ዕጣ የሌለባቸው ጥናቶች ለዓመታት ጡት ማጥባት ውፍረትን ይቀንሳል ሲሉ ከቆዩ በኋላ።

የአእምሮ ነገር ከተነሳ ዘንድ የወንድምና የእህት ንጽጽር መምጣቱ አይቀርም። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አንዲት እናት አንዱን አጥብታ ሌላውን ካላጠባች፣ የእናትየው ትምህርትና የቤቱ ኑሮ ለሁለቱም አንድ ነው። ጄፍ ደር፣ ዴቪድ ባቲና ኢያን ዲሪ በ2006 በአሜሪካ መረጃ ላይ ይህን ሞክረዋል፤ በዚያው ጥናት በሠሩት ተራ ስሌት ደግሞ መጀመሪያ አራት ነጥብ ያህል የነበረው የአእምሮ ፈተና ልዩነት የእናትየው የራሷ ውጤትና ሌሎች ነገሮች ሲገቡ ወደ 0.52 ወረደ። በ2014 ሲንቲያ ኮለንና ዴቪድ ሬሚ ከ4 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ብዙ ውጤቶችን በዚሁ መንገድ ሲያዩ አብዛኛው ጥቅም ተነነ። ጋዜጦች ጡት ማጥባት ዋጋ የለውም ብለው ጻፉ። ጥናቱ ግን የጨቅላ ዕድሜ ተቅማጥን አልለካም። ስልቱም የራሱ ህመም አለው፤ አንዲት እናት ሁለቱን ልጆቿን ለምን ለየቻቸው? አንዱ ታሞ ነበር? ሥራ ገባች? ባሏ ሞተ? በቤተሰብ መካከል ያለውን ልዩነት ሲሽር በቤተሰብ ውስጥ ያለውን አጉልቶ ያስቀራል። የማስታወስ ስህተትም በሁለት ልጆች ልዩነት ላይ ሲጫን ክብደቱ ይጨምራል።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የበለጠ የሚማርከኝ ብልሃት ያነሰው ነው፤ ሀብትና ማጥባት በተለያየ መንገድ የተገናኙባቸውን ሁለት አገሮች ጎን ለጎን ማየት። በ2011 ማሪ ጆ ብሪዮንና ባልደረቦቿ የእንግሊዝን የብሪስቶል አካባቢ ልጆች ከፔሎታስ ልጆች ጋር አነጻጸሩ። በእንግሊዝ የምታጠባው የተማረችው ናት፤ በፔሎታስ ማጥባት ከገቢ ጋር ያን ያህል አይያያዝም። ማጥባት ከውፍረትና ከደም ግፊት ጋር በእንግሊዝ ተያያዘ፣ በፔሎታስ አልተያያዘም። ከአእምሮ ፈተና ጋር ግን በሁለቱም ተያያዘ። የመጀመሪያው የኑሮ ጥላ እንደሆነ፣ ሁለተኛው እንዳልሆነ ይጠቁማል። አንድ ስልት ብቻውን ንጹሕ አይሆንም፤ ማዛባታቸው ወደተለያየ አቅጣጫ የሚያዘነብል ስልቶች ሲስማሙ ግን የሚታመን ነገር ይወጣል። በተቅማጥና በሞት ላይ ሁሉም ተስማምተዋል። በውፍረት ላይ አልተስማሙም። በአእምሮ ላይ የኢኮኖሚ ሰዎች ሳይቀሩ ገብተውበት አሁንም ይከራከራሉ፤ ኤምላ ፊትዝሲሞንስና ማርኮስ ቬራ ኤርናንዴዝ እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የወለዱ ትምህርታቸው ዝቅተኛ የሆነ እናቶች በሆስፒታል የማጥባት ድጋፍ እንደሚያንሳቸው ተመልክተው፣ የመውለጃውን ቀን እንደ ዕጣ ተጠቅመውበታል። በአእምሮ ዕድገት ላይ ጥቅም አገኙ፤ በጤና ላይ ይህ ነው የሚባል አላገኙም። የብሪታንያ ቧንቧ ውኃ ስለሚጠጣ አይገርምም።

በእውነት ዕጣ የወጣበት አንድ መስክ አለ፤ ኤች አይ ቪ። እናቲቱ ቫይረሱ ካለባት ወተቱ ያድናልም ይጎዳልም፣ ስለዚህ የትኛው እንደሚሻል አለማወቁ እውነተኛ ነበር። ሩት ንዱአቲና ባልደረቦቿ ናይሮቢ ውስጥ 425 እናቶችን በዕጣ ለጡትና ለዱቄት ወተት መድበው በ2000 ውጤቱን አወጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቫይረሱ የተላለፈባቸው ልጆች ከጡት ወገን 36.7 በመቶ፣ ከዱቄት ወገን 20.5 በመቶ ሆኑ፤ በሞት ግን ሁለቱ ወገኖች አልተለያዩም። ቦትስዋና ውስጥ በ2006 የወጣው ጥናት ነገሩን አጠራው፤ በሰባት ወር ቫይረሱ የተገኘባቸው ከዱቄት ወገን 5.6፣ ከጡት ወገን 9.0 በመቶ፤ የሞቱት ደግሞ ከዱቄት ወገን 9.3፣ ከጡት ወገን 4.9 በመቶ። ቫይረሱን ብቻ የቆጠረ ሰው ዱቄት ይመክራል፤ ሞትን ብቻ የቆጠረ ጡትን። ሁለቱ ተዳምረው፣ ከቫይረሱ ነጻ ሆኖ በሕይወት መገኘት ሲለካ፣ በ18 ወር ልዩነት አልነበረም። የሚለካውን ውጤት መምረጥ ራሱ ፍርድ ነው፤ ይህን ከቦትስዋና ሰንጠረዥ በተሻለ የሚያሳይ አላየሁም።

አሁን ወደ እኛ። በ2000 የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት አገሮች የተሰበሰበ መረጃ አዋሕዶ አሳተመ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጡት መጥባት በተላላፊ በሽታ ከመሞት የሚጠብቀው 5.8 እጥፍ፣ ከ9 እስከ 11 ወር ደግሞ 1.4 እጥፍ ሆነ። ከአፍሪካ ጋምቢያ፣ ጋናና ሴኔጋል ነበሩበት፤ ነገር ግን ለመጀመሪያው ዓመት ስሌት ሦስቱም ወደ ጎን ተተዉ። የመረጃ ጉድለት አልነበረም። ሁሉም ሕፃን ይጠባ ስለነበር የሚነጻጸር አልተገኘም። ኢትዮጵያም እዚሁ ናት፤ በ2016ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት ከተወለዱት 97 በመቶ ጡት ጠብተዋል። የሮቢንስ ክብደቶች ሁለተኛ ቅድመ ሁኔታ የሚወድቀው እዚህ ነው። ቀሪዎቹ ሦስት በመቶ በአብዛኛው በጽኑ የታመሙ ወይም ቀናት ያልቆዩ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እነሱን ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር የማጥባትን ጥቅም ሳይሆን የመከራን ብዛት መለካት ነው።

ስለዚህ እኛ ዘንድ ጥያቄው መቼ ጀመረ፣ ምን ተቀላቀለበት የሚለው ነው። እንገሩ ተጨልፎ ተደፋ ወይ? ቅቤ ተዋጠ ወይ? አብሽ ውኃ፣ ስኳር ውኃ ተሰጠ ወይ? ስለ አጀማመሩ በጥንቃቄ የተሠራው የካረን ኤድመንድ የጋና ጥናት ነው፤ በ2006 የወጣው ይህ ጥናት 10,947 ሕፃናትን ይዞ፣ ሁለተኛ ቀናቸውን በሕይወት ያዩትን ብቻ በመቁጠር የቀደሙ ሟቾችን ማዛባት አስወገደ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ማጥባት የተጀመረላቸው በወሩ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው 2.4 እጥፍ ነበር። "ጡት ብቻ" የሚለውን መለካት ግን እጅግ ያስቸግራል። በ2016 ከስድስት ወር በታች ካሉት 58 በመቶ ጡት ብቻ ይጠባሉ ተባለ። ይህ ስድስት ወር የሚዘልቁት ቁጥር አይደለም፤ በየዕድሜው ያሉት አማካይ ነው። በ4 እና በ5 ወር ያሉት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። ደግሞ ጥያቄው ስለ ትናንት ብቻ ነው፤ በትናንትናው ቀንና ሌሊት ምን ሰጠሽው? የኡፕሳላ ተመራማሪዎች ስዊድን ውስጥ እናቶችን በየቀኑ አስመዝግበው በ2000 ሁለቱን አቆጣጠሮች ሲያነጻጽሩ፣ በአራት ወር በትናንት መለኪያ 73 በመቶ የሆነው ከውልደት ጀምሮ ሲቆጠር 30 በመቶ ሆነ። እኛ ዘንድ ደግሞ የምትጠይቀው ጠያቂ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር በአንድ ዓይን ነው የምትታየው፤ እናቲቱ "እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ" የሚለውን ትምህርት በቃሏ ታውቀዋለች፤ የምትመልሰውም ያንኑ ነው። ጸበል፣ አብሽና ቅቤ በብዙ ቤት ምግብ ተብለው አይቆጠሩም። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ ቁርባን ይቀበላሉ፤ በጥብቅ ትርጉሙ ከሄድን ያ ቀን ስንቱን ከ"ጡት ብቻ" ያወጣዋል? ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይመልስም። ወተት ከሌላ ውኃ ጋር መቀላቀሉን ያለ ቃል የሚለካ ዘዴ አለ፤ እናቲቱ በዲውተሪየም ምልክት የተደረገበት ውኃ ትጠጣለች፣ የእሷና የልጁ ምራቅ ለ14 ቀን ያህል ይመረመራል። ውድ ስለሆነ ግን ብዙ ሰው አይደርሰውም።

በዚህ ላይ እኔን የሚያናድደኝ አንድ ልማድ አለ። የኢትዮጵያን ብሔራዊ ጥናት ወስዶ ሕፃኑ በትናንትናው ዕለት ምን እንደተመገበ ካለፉት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ ጋር ማያያዝና "ጡት ብቻ መጥባት ተቅማጥን በዚህን ያህል ይቀንሳል" ብሎ መደምደም። ተቅማጡ ባለፈው ሳምንት ነው፣ ምግቡ ትናንት ነው። ልጁ ባለፈው ሳምንት ታሞ ትናንት ውኃ የተሰጠው በተቅማጡ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ከውጤቱ በኋላ የተለካበት ስሌት ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ተባለም ሌላ፣ ስም አያድነውም። የሞትን ነገር ደግሞ ከዚህ መረጃ ማውጣት አይቻልም፤ ስለ ትናንቱ ምግብ የሚጠየቀው በሕይወት ስላለው ልጅ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ጊዜን የሚያከብር ክትትል ነው፤ አገራችንም ሞክራዋለች። ከ1992 መስከረም ጀምሮ በጅማና በአካባቢው የተወለዱ ስምንት ሺህ ያህል ሕፃናት ተመዝግበው፣ በየሁለት ወሩ በየቤታቸው እየተጎበኙ እስከ ዓመታቸው ክትትል ተደረገላቸው። ማን መቼ ምን ጀመረ፣ ማን መቼ ታመመ የሚለው በቅደም ተከተሉ ተቀመጠ። ሁለት ወር ለተቅማጥ ረጅም ነው፤ በአንድ ሳምንት ጀምሮ የሚያልቅ ሕመም በሁለት ጉብኝቶች መካከል ያመልጣል። ዛሬ ጉብኝቱን በየሳምንቱ ለማድረግ ስልክ አለ፣ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች። ክትትሉ የሚጠይቀው አንድ ጥብቅ ሕግ ነው፤ ምግቡ ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ይመዝገብ።